ማስተማሪያ ሆስፒታል የምታስታምሙ፣ ተማሪዎቹን አትሽሹ

ሀዋሳ ውስጥ ሰው ታሞባችሁ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከገባችሁ፣ አልጋው አጠገብ ቶሎ ቶሎ የምታዩት ስፔሻሊስቱን አይደለም። ተማሪዎችን ነው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት ይመጣሉ፣ ማታም የሚመጣ አለ። የጋወናቸው ኪስ በወረቀት ተወጥሯል። አንዱ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው ያንኑ ጥያቄ ከሀ ይጀምራል። ብዙ አስታማሚ በዚህ ይማረራል። «መለማመጃ አደረጉን» የሚለው ቃል ከኮሪደሩ አይጠፋም።

አባቴ ስትሮክ መትቶት ቤተሰቡ በሙሉ በፈረቃ አስታመምነው። የጻፍኩት እዚያ ካየሁት ነው። ሲኒየሩ ሐኪም ብዙ በሽተኛ አለበት፤ አልጋችሁ ጋር የሚቆየው ለትንሽ ደቂቃ ነው። ተማሪው ግን ጊዜ አለው፤ ቁጭ ብሎ ይሰማችኋል። እናንተ ደግሞ በሽተኛውን ታውቁታላችሁ። ተማሪው እናንተ የምታውቁትን ይዞ ወደ ሲኒየሩ ከሄደ ብዙ ነገር ይቀየራል። እኛ ላይ ሲቀየር አይቻለሁ።

መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። እናቴ እስከ መጨረሻው ነጭ የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስትል ነው የወጣችው፤ ካርድ የሚያመላልሰውን ልጅ ሳይቀር። አንዷ ልጅ «እማማ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ብትላት፣ «ታዲያ ተማሪ አይደል እንዴ ዶክተር የሚሆነው?» አለቻት። ልጅቷ መልስ አጣች።

ሲ ዋን እና ሲ ቱ የሚባሉት ከክፍል ትምህርት ወጥተው ዋርድ መግባት የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። የበሽተኛውን ታሪክ ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ ያገኙትን ለመምህራቸው ያቀርባሉ። መድኃኒት በራሳቸው አያዙም። ኢንተርን የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ያለው ነው። የሥራው ክምር የሚወድቀው እሱ ላይ ነው፤ ደም ይቀዳል፣ የላብራቶሪ ውጤት ያሳድዳል፣ ቻርት (የበሽተኛውን የሕክምና መዝገብ) ይጽፋል፣ ተረኛ ሆኖ ያድራል። ሬዚደንት ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ የሚማረው ነው፤ ብዙውን ውሳኔ ከሲኒየሩ ጋር የሚወስነው እሱ ነው። ከእነዚህ ሌላ የነርስ ተማሪዎች አሉ፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከግል ኮሌጅም ይመጣሉ። የፋርማሲ ተማሪዎችም አሉ፤ እነሱን ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም።

ማን እንደሆኑ መጠየቅ ነውር አይደለም። «የኔ እህት፣ ከየትኛው ቡድን ነሽ? ኃላፊያችሁ ማነው?» ማለት ይበቃል። ቅር የሚለው ተማሪ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ስማቸውን የጠየቃችኋቸው ልጆች ናቸው በኋላ ሲያልፉ ቆም ብለው «አባባ እንዴት አደሩ?» የሚሉት።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም ማለት ይቻላል። ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ስለነዳ ነው ይላል እሱ። ስትሮኩ ደግሞ ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ አንደበቱንም ዘጋው። በገባ ማግስት አንድ ሲ ቱ ተማሪ በግራ በኩል ቆሞ «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አባባ፣ ይህን እጅዎን ያንሱ» ይለዋል። አባቴ ጣራ ጣራውን ያያል። ልጁ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ። ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ በእንግሊዝኛ «ትዕዛዝ አይከተልም» ብሎ ጽፏል።

«ወንድሜ፣ በዚያኛው ጆሮ ሞክረው እስቲ፤ ይሄኛው አይሰማም» አልኩት።

ዞሮ በቀኝ በኩል ጎንበስ አለና ደገመለት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ግራ እጁን አነሳ። ልጁ በድንጋጤ እስክሪብቶው ሊወድቅበት ምንም አልቀረው። ሮጦ ኢንተርኗን ጠራት። እሷም ደግማ አየችውና ቻርቱ ተስተካከለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የሚሰማው የሚገባው በሽተኛና የማይገባው በሽተኛ ሐኪም ዘንድ አንድ አይደሉም። የአንጎሉን ጉዳት መጠን ከሚገምቱባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ያን ቀን ከልጁ ጋር ሆነን አልጋው ራስጌ ላይ ወረቀት በፕላስተር ለጠፍን። «በቀኝ ጆሮዬ አናግሩኝ። ይገባኛል፤ መናገር ነው ያቃተኝ።» ከሥሩ ተማሪው በእንግሊዝኛ ጻፈበት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ፣ የምግብ ሠራተኛዋም ጭምር፣ በቀኝ በኩል መጥታ ነው የምታናግረው።

ስለዚህ ጆሮ፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚጽፍበት እጅ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ከመታመሙ በፊት ብቻውን ምን ምን ያደርግ እንደነበር፣ እነዚህን ሳትጠየቁ ተናገሩ። «ከሕመሙ በፊት ገበያ ብቻውን ይሄድ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሐኪም ትልቅ ነገር ናት። አልጋ ላይ የተኛውን ሽማግሌ ዱሮም እንዲህ የነበረ እንዳይመስለው ታደርጋለች።

እውነቱን መናገር ላይ ግን ቤተሰብ ይከብደዋል። አጎቴ ተማሪዎች ሲጠይቁት «መድኃኒቱን አንድ ቀን አቋርጦ አያውቅም» ብሎ ተናገረ። ወንድሙን ማስነቀፍ አልፈለገም። እኔ ደግሞ አባቴ ጸበል ሲገባ የግፊት ክኒኑን ትቶ እንደከረመ አውቃለሁ። ኢንተርኗን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ይቆጡን ይሆናል ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ከስንት ጊዜ በፊት? ከዚያ በኋላ ጀመረ ወይስ እንደተወው ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችና ጻፈች። ይህን ካላወቁ ክኒኑ አልሠራለትም ብለው ሌላ ሊጨምሩበት ይችላሉ። መጠጡንም፣ ጫቱንም፣ የባህል መድኃኒቱንም እንዲሁ ንገሯቸው። ዘመድ ፊት ማለት ካልፈለጋችሁ ተማሪውን ወደ ጎን ጥሩት። ጊዜ አለው ያልኩት ለዚህ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ያልጠራት የፋርማሲ ተማሪ መጣች። «እቤት የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችኋል?» አለች። እናቴ ከፌስታል ውስጥ አውጥታ ዘረገፈችላት። አባቴ ያኔ መዋጥ ስላቃተው በአፍንጫው የምግብ ቱቦ፣ ኤን ጂ የሚሉት፣ ገብቶለታል። ክኒኑ እየተፈጨ በውኃ በቱቦው ይሰጠው ነበር። ልጅቷ አንዱን የክኒን ካርድ አገላብጣ አየችና «ይሄ አይፈጭም» አለች። ኒፈዲፒን ነበር፤ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራው ዓይነት። ሲፈጭ ለረጅም ሰዓት የታሰበው መድኃኒት አንዴ ይለቀቅና ግፊቱን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። ሄዳ ለሬዚደንቱ ነገረችው። በማግስቱ ተፈጭቶ ሊሰጥ በሚችል አምሎዲፒን ተቀየረ። ልጅቷን ከዚያ በኋላ አላየናትም። እናቴ ግን እስካሁን ትመርቃታለች።

እቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያለቀውን ካርቶን ጭምር።

አሁን ደግሞ የማይጥመኝን ልናገር። እነዚህ ተማሪዎች ሁሉም የሚመጡት በየጎራቸው ነው። የሕክምናዎቹ ለብቻ፣ የነርሶቹ ለብቻ፣ የፋርማሲዎቹ ለብቻ። አንድ አልጋ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፣ እርስ በርስ ግን ብዙም አያወሩም። የነርስ ተማሪዋ ያየችውን ሲ ዋኑ አያውቅም። የነርስ ተማሪዎች ይዞ የሚመጣ አንድ መምህር በዚህ ሳማርር ሰምቶኝ ስለ ስዊድን አጫወተኝ። ሊንሾፒንግ በምትባል ከተማ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው አንድን ዋርድ በአስተማሪ ክትትል የሚያስተዳድሩበት አሠራር አለ። በሽተኛውን አብረው ያያሉ፣ አብረው ያቅዳሉ። «እኛም ጋ ጥሩ ነበር» አለና ተማሪዎቹን እየነዳ ሄደ።

ያ አሠራር እኛ ጋ እስኪመጣ ድረስ ድሩን የሚያያይዘው አስታማሚው ነው። የሃያ አራት ሰዓት ሰው ሌላ የለም። እኛ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ገዛን። ሰዓቱን፣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተሰጠ እንጽፍበታለን። ማታ ወንድሜ ሲረከበኝ ደብተሩን አንብቦ ነው የሚረከበኝ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ደብተሩን እስቲ» ማለት ጀመሩ። ሽንቱ ስንት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተመገበ፣ ሌሊት ትኩሳት ነበረው ወይ፤ ቻርቱ ላይ ያልተሞላው ደብተራችን ላይ አለ። በእርግጥ ደብተሩ የቻርቱ ምትክ አይደለም። የተለካ ነገር ካለ ነርሷ ቻርቱ ላይ እንድትጽፈው ንገሯት።

የነርስ ተማሪዎች ያስተማሩንን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ስትሮክ ያለበት ሰው ያላችሁ ሁሉ የምትፈልጉት ይመስለኛል።

አክስቴ ከይርጋለም የቡላ ገንፎ ሠርታ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። «ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዴት ይድናል? አንድ ሁለት ጉርሻ» ትላለች። የነርስ ተማሪዋ ክልክል ነው ብላ ዞር አላለችም። አልጋውን ቀና አደረገች፣ በትንሽ ማንኪያ ጠብታ ውኃ አፉ ውስጥ አደረገች። አባቴ ሳል ያዘው። «አዩ እትዬ? ውኃው ወደ ሆድ መሄድ ሲገባው ወደ ሳንባ እየሄደ ነው። ገንፎ ቢሆን ደግሞ ሳንባ ምች ያመጣበታል» አለቻት። ውኃውን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ እሷም ያደረገችው መምህሯ አጠገቧ ቆሞ ነው። አክስቴ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፖሊስ ሆነች። ጠያቂ ሁሉ ጁስ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ነው የምትይዘው። እኛ ብንከለክላት ኖሮ ግን ዕድሜ ልኳን ትቀየመን ነበር።

በቱቦው ስንመግብ መጀመሪያ አፍንጫው ጋ ያለው ምልክት ከቦታው አለመንሸራተቱን እናያለን። ከተንሸራተተ አንነካውም፤ ነርስ እንጠራለን። ራሱን ቀና አድርገን፣ ግማሽ ተቀምጦ ማለት ነው፣ በደንብ የተጠለለ አጥሚት ወይም ወተት በሲሪንጅ ቀስ ብሎ በራሱ እንዲወርድ እንይዛለን። በኃይል አይገፋም። ሲያልቅ ቱቦው እንዳይዘጋ ውኃ እናሳልፋለን። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም አይልም። ጠያቂ መጥቶ «እስቲ አሳርፉት፣ ደክሞታል» ሲል አትስሙት።

በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ እናገላብጠዋለን። ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ተማሪዋ ግድግዳው ላይ የሰዓት ሠንጠረዥ ለጠፈችልን፤ ያገላበጠ ሰው ምልክት ያደርጋል። ስናገላብጠው ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጀርባውን ታችኛ አጥንት እናያለን። ቀልቶ፣ በጣት ተጭነነው ስንለቀው ቅላቱ ካልጠፋ፣ የአልጋ ቁስል ሊጀምር ነው ማለት ነው፤ ወዲያው መናገር ነው። የታመመውን እጅ መጎተት ደግሞ ፈጽሞ የለም። በብብቱ ይዞ ማንሳትም እንዲሁ። ትከሻው ጡንቻው ስለላላ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል። እጁን ከሥሩ ትራስ አድርገንለት ነበር፤ ግን ሰላም ሊል የመጣ ሁሉ ያን እጅ ነው አፈፍ የሚያደርገው። እኅቴ መላ ዘየደች። ጠያቂን ሁሉ በግራ በኩል ታስቀምጣለች። ጆሮው ደግሞ በቀኝ ነው የሚሰማው። ብቻ ተቻቻልነው።

የጸበሉም ነገር በነርስ ተማሪዋ ነው የተፈታው። እናቴ ይጠጣልኝ አለች። ልጅቷ ራሷ ማተብ ያሰረች ናት። «እማማ፣ እስኪውጥ ድረስ ግንባሩንና እጁን ይቀቡት። መጠጣቱ ሲሻለው ይደርሳል» አለቻት። እናቴ እሺ አለች። ይህን ከእኔ አፍ ብትሰማ እሺ አትልም ነበር።

የማትነኩት ነገርም አለ። የግሉኮሱን ፍጥነት አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ኦክስጅኑን አታስተካክሉ። የሽንት ቱቦውን ከረጢት ባዶ ማድረግ ካስተማሯችሁ አድርጉ፤ ግን ከረጢቱ ምንጊዜም ከበሽተኛው ሆድ በታች ይሁን፣ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያ ተዉት።

ራውንድ፣ ሐኪሞቹ አልጋ አልጋ እየዞሩ በሽተኛ የሚያዩበት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ጥበቃው «አስታማሚ ውጡ!» ይላል፣ ዋርዱ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ሲኒየሩ ከነሠራዊቱ ይገባል። ስለ አባታችሁ የሚወራው ሁሉ እናንተ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ያልፋል። ብትኖሩም በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ያገኘነው ዘዴ ይህ ነው። ከራውንድ በፊት ለኢንተርኗ ሁለት ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈን እንሰጣታለን። ቱቦው መቼ ይወጣል? ሲቲ ስካኑ የደም መፍሰስ ነው ወይስ መዘጋት ነው ያለው? አስፒሪን ለምን አሁን ተጀመረ? እሷ ራውንዱ ላይ ታነሳዋለች። ሲያልቅ «ምን ተባለ?» እንላታለን። አንድ ቀን ሲኒየሩ ወረቀቱን ከእጇ ላይ አይቶ «የማን ጥያቄ ነው?» ብሎ አስጠራን። የአባቴ ስትሮክ የደም ሥር መዘጋት እንደሆነ፣ አስፒሪን የሚሰጠው ሲቲ ስካኑ የደም መፍሰስ አለመኖሩን ካሳየ በኋላ እንደሆነ፣ ቁጭ አድርጎ በአማርኛ አስረዳን። ተማሪዎቹም ዙሪያውን ቆመው ሰሙ። ለበሽተኛ ቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር መማርም ትምህርት አይደል?

ለቤተሰቡ አንድ አፍ ምረጡ። እኛ ቤት ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ነገር ለተማሪዎቹ ሲነግር ልጆቹ ግራ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ከሐኪም ጋር የማወራው እኔ ሆንኩ፣ ለአጎቴና ለሌላው ዘመድ ማታ ማታ በስልክ የሚያስረዳው ወንድሜ ሆነ። ሽማግሌ አይቀየም ብላችሁ አትፍሩ፤ «አንተ ጠያቂውን ተቀበልልን» ብትሉት ክብሩ ነው።

እምቢ ማለትም ይቻላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ጠዋት መምህሩ ብዙ ተማሪ ይዞ መጣና የአባቴን ልብስ ገልጦ ማስተማር ጀመረ። አባቴ ዓይነ አፋር ሰው ነው። መናገር አልቻለም፤ በግራ እጁ አንሶላውን ወደ ላይ ይስባል። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ መጋረጃው ይጋረድለት። እኛ ሴቶቹ እንውጣ፣ ወንድሜ ይቁም። ተማሪዎቹም ትንሽ ቀነስ ቢሉለት» አልኩ። መምህሩ ለቅጽበት ዝም አለ። ከዚያ ተማሪዎቹን ለሁለት ከፈላቸው፣ መጋረጃ አስመጣ፣ አባቴንም «ይፈቅዱልናል አባቴ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በየግድግዳው «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል፤ ያን ቀን ሲሠራ አየሁት። በተማሪ መመርመርን እምቢ ስላላችሁ ሕክምና አይከለከልባችሁም። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ እምቢ አትበሉ ነው የምለው። «አሁን ደክሞታል፣ ከሰዓት ኑ» ብትሏቸው ይመጣሉ።

መርፌ ላይ ትንሽ ጠንከር በሉ። «ከዚህ በፊት ሠርተኸዋል? ማን ነው የሚያይህ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ደም ሥር ፍለጋ ሁለቴ ሞክሮ እምቢ ካለው ሌላ ሰው ይሞክር በሉ። ጥሩ ተማሪ ራሱ ነው ቀድሞ የሚለው። አንድ ላቡ በግንባሩ የወረደ ልጅ መርፌውን አስቀምጦ «ሲስተርን ልጥራት» ሲል ከሁሉም በላይ ያመንኩት እሱን ነው።

ከአጠገባችን ከበንሳ የመጡ እናት ተኝተው ነበር። ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ አይሰሙም። አስታማሚያቸው ገና ጢሙ ያልበቀለ የልጅ ልጃቸው ነው። ተማሪዎች ሲመጡ እሱ ያስተረጉማል። አንድ ቀን ስለ ሴት ጉዳይ ጠየቋቸው። ልጁ ቀይ ሆነ፣ ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ፣ «ምንም የለም ትላለች» አለ። የሲዳማ ልጅ የሆነች የነርስ ተማሪ ከወዲያኛው አልጋ ሰምታ መጣች። ልጁን «ሂድና ሻይ ጠጣ» ብላ ላከችውና መጋረጃውን ጋርዳ ራሷ ጠየቀቻቸው። ብዙ ነገር ነበረ። በቋንቋችሁ የሚያወራ ተማሪ ካለ ጠይቁ። ከአለታ ወንዶም ከሻሸመኔም የሚመጣ በሽተኛ ስላለ የሚሰማ አይጠፋም። ልጅን በእናቱ ወይ በአያቱ ገመና ላይ አስተርጓሚ አታድርጉት።

የተማሪዎች ትልቁ ችግር መቀየራቸው ነው። ለምዳችኋቸው፣ ለምደዋችሁ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉም አዲስ ፊት ይሆናሉ። ወደ ሌላ ዋርድ ተዛውረዋል። ፈተና ሲደርስና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ጭር ይላል፤ ሥራው ሁሉ ለጥቂት ነርሶች ይቀራል። ስለዚህ የሚሄደውን ተማሪ «ለሚተካሽ ምን ትነግሪዋለሽ?» በሉ። የእኛዋ ኢንተርን አዲሱን አልጋው ድረስ ይዛ መጥታ አስረከበችን። ራስጌው ላይ ያለውን ወረቀት መጀመሪያ አስነበበችው። አርብ ከሰዓት ደግሞ መድኃኒት እስከ ሰኞ ይበቃል ወይ ብላችሁ አረጋግጡ። ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ከተባላችሁ መጀመሪያ ሆስፒታሉ ውስጥ እንደሌለ ጠይቁ፤ የጤና መድን ላለው ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው።

አንደበቱ እንዴት ተከፈተ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ማታ እናቴ እንደ ልማዷ «አባታችን ሆይ» ስትል አባቴ አብሯት ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። «…በሰማያት የምትኖር» የሚለውን ጥርት አድርጎ አለው። የራሱን ስም መጥራት የማይችል ሰው! እናቴ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ተረኛ የነበረው ኢንተርን አፏን በእጁ ሊይዝ ምንም አልቀረው፤ ዋርዱ ተኝቷል። እሱ እንዳለን፣ ንግግር የጠፋበት ስትሮክ ላይ በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር መቁጠር፣ ሌላው ሳይመለስ ሊመጣ ይችላል። «ተነስቶ ተናገረ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ግን በየቀኑ አብራችሁት በሉ» አለ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋትና ማታ አብረነው እንላለን። ጥያቄም በ«አዎ» እና «አይ» የሚመለስ ብቻ እንጠይቀዋለን። «ምን ልስጥህ?» ሳይሆን «ውኃ ትፈልጋለህ?» ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቃለን። መጠበቁ ነው የሚከብደው።

ስትወጡ የመውጫ ወረቀቱን ይዛችሁ አትሩጡ። የምትሠሩትን ሁሉ እነሱ እያዩ ሥሩት። «እኔ ልሥራው፣ አንቺ እዪኝ» በሉ። እኔ አባቴን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውር ፊዚዮቴራፒስቱ ቆሞ አየኝና እግሬን የት እንደማደርግ አስተካከለኝ። ወንድሜ እንቅስቃሴውን በስልኩ ቀረጸው፤ እቤት እያየን ነው የምንሠራው። የትኛው ክኒን እንደሚቀጥል፣ የትኛው ከድሮው እንደተተወ፣ ምን ምልክት ካየን በዚያው ሰዓት መመለስ እንዳለብን በአማርኛ አጽፈን ወጣን።

የቀጠሮ ቀን ደግሞ የሚቀበላችሁ ሌላ ተማሪ ነው። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» ይላችኋል። አትናደዱ። መጀመሪያ የመውጫ ወረቀቱን ስጡት፣ ከዚያ የመድኃኒቱን ፌስታል፣ ከዚያ ደብተሩን። የእኛው አዲስ ተማሪ ሁሉንም ካነበበ በኋላ ተነሳና ወንበሩን ወደ አባቴ ቀኝ በኩል አዞረው።